በብርሃን የተሣለ መታሰቢያ

አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ ያለውን ግዙፍ የመስታወት ሥዕል በአካል ያላየ እንኳ በፎቶግራፍ ወይም በቴሌቪዥን አይቶታል። ከቦንጋ እስከ ሚዛን ተፈሪ፣ ከማሻ እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር የሚኖር ሰው ደግሞ የካቶሊክ ሚሲዮንን በትምህርት ቤቱና በክሊኒኩ ያውቃል። የአቡነ ማስያስን ስም የሰማ አለ፣ የባሪያ ፍንገላን ዘመን ከአያቱ የሰማ አለ። እነዚህ ሁሉ ለየብቻቸው ሲነገሩ ኖረዋል። እኔ ግን የአንድ ታሪክ ክፍሎች ናቸው እላለሁ። ታሪኩ ሰው የሞተበትንና የደከመለትን በብርሃን እንዴት ማስታወስ እንደ ጀመረ፣ ይህ ጥበብ ወደ እኛ ሲደርስ ለምን እንደ ዘገየ፣ የደቡብ ምዕራብ ሙታን መታሰቢያም ለምን ከአገራቸው ርቆ እንደ ቆመ የሚናገር ነው። ዓመታቱንና ቀናቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

1144፦ ከእመቤታችን እግር ሥር የተደፋው አበምኔት

ከፓሪስ በስተ ሰሜን ባለው የቅዱስ ዴኒስ ገዳም አበምኔቱ ሱዤር የቤተ ክርስቲያኑን ምሥራቃዊ ክፍል እንደ አዲስ አሠራ። እስከዚያ ድረስ የድንጋይ ጣሪያ የሚሸከመው ወፍራም ግድግዳ ነበርና መስኮት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነበር። የሱዤር ግንበኞች ጫፋቸው የሾለ ቅስቶችን አቆራርጠው ክብደቱን ወደ አምዶች መለሱት። ግድግዳው ከሸክሙ ነፃ ሲወጣ ቦታውን ለመስታወት ለቀቀ። አዲሱ ሕንፃ በሰኔ 1144 ሲባረክ ምእመናን ቀለም የለበሰ ብርሃን በወለሉ ላይ ሲሄድ አዩ።

ሱዤር የክርስቶስን ልደትና ሕፃንነት ባሣለበት መስኮት በአንዱ ክፍል ራሱንም አስሥሏል። በብሥራቱ ሥዕል ከድንግል እግር ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ይታያል፣ ስሙም አጠገቡ ተጽፏል። ፀሐይ በወጣ ቁጥር ያ የተደፋ መነኩሴ ይበራል፣ የሚያየውም ሁሉ ይጸልይለት ዘንድ ይለምናል። የመታሰቢያ መስኮት ሐሳብ እዚያ ላይ ሙሉ ሆኖ ይገኛል።

አሠራሩን በዚያው ክፍለ ዘመን ቴዎፍሎስ የተባለ መነኩሴ ጽፎ አስቀምጦልናል፣ ዋናው ነገር እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ሠሪው ኖራ በተቀባ ሰፊ ሳንቃ ላይ የመስኮቱን ሥዕል በሙሉ ልኩ ይነድፋል። ባለቀለሙን መስታወት በንድፉ ላይ አስተኝቶ፣ ከሥር የሚታየውን መሥመር ተከትሎ የጋለ ብረት ያስኬድበታል፤ መስታወቱም በመሥመሩ ይሰነጠቃል። የቀረውን ጠርዝ ጥርስ ባለው ብረት እየነከሰ ያስተካክለዋል። ቀለሙ ከላይ የተቀባ አይደለም፣ መስታወቱ ሲቀልጥ አብሮት የቀለጠ ነው፤ ኮባልት ሲገባበት ሰማያዊ ይሆናል፣ መዳብ እንደ እሳቱ ሁኔታ አረንጓዴ ወይም ቀይ ይሰጣል። ቀዩ ሁልጊዜ አስቸጋሪ ነበር። ውፍረቱን ሙሉ ቀይ ከሆነ ብርሃን ስለማያሳልፍ ጥቁር ይመስላል፤ ስለዚህ በጠራ መስታወት ላይ ስስ የቀይ ንብር ብቻ ይደረብበታል።

ዓይን፣ ጣት፣ የልብስ እጥፋትና ጽሕፈት የሚወጡት ከተፈጨ መስታወትና ከብረት ወይም ከመዳብ ዝገት በተዘጋጀ ጥቁር ቅብ ነው። ቅቡ በወይን ወይም በሽንት ይበጠበጣል፣ በብሩሽ ይሣላል፣ ከዚያ ቁራጩ እቶን ገብቶ ቅቡ ከመስታወቱ ጋር እስኪዋሐድ ይተኮሳል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ቁራጭ ግራና ቀኙ ቦይ ባለው የእርሳስ ዘንግ ውስጥ ይገጠማል፣ መጋጠሚያው በቆርቆሮ ይበየዳል። እርሳሱ ለስላሳ በመሆኑ ነፋስ ሲገፋው ይተጣጠፋል፤ መስታወቱ ሳይሰበር ዘመን የሚሻገረውም በዚህ ልስላሴ ምክንያት ነው።

በቀጣዩ ክፍለ ዘመን በሻርትር ካቴድራል መስኮቶች ግርጌ ዳቦ ጋጋሪዎችና ጫማ ሰፊዎች በሥራ ላይ እንዳሉ ተሣሉ። ከ1914 እስከ 1918 ከተካሄደው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በአውሮፓ በየሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ያልተመለሱ ወጣቶች ስም በመስታወት ላይ ተጻፈ። ከአበምኔትና ከንጉሥ የጀመረው መታሰቢያ እስከ ተራ ወታደር ወረደ።

18ኛው ክፍለ ዘመን፦ ናርጋ

ኢትዮጵያ በዚያ ሁሉ ዘመን ያለ ባለቀለም መስታወት መኖሯን የድህነት ምልክት አድርገው የሚያዩ አሉ፤ አልስማማም። ምክንያቱ በቤተ ክርስቲያኑ አሠራር ውስጥ ነው። የእኛ ክብ ቤተ ክርስቲያን ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ በገባን ቁጥር ብርሃኑ እየቀነሰ፣ ምስጢሩ እየከበደ ይሄዳል። ታቦቱ ያለበት መካከል ነው፣ ከውጭ ግድግዳ ጋር አይገናኝም። ሥዕሉም የሚሠራው የመቅደሱን ግድግዳ በሸፈነው ሸማ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ሠዓሊው ብርሃንን የሚያጠምድበት ቦታም ምክንያትም የለውም።

መታሰቢያው ግን ነበረ። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ላይ ያለውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች፣ ከእግሯ ሥርም እቴጌይቱ በንግሥት ልብሳቸው በግንባራቸው ተደፍተዋል። ከሱዤር ጋር የሚለያያቸው ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ነው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ አላወቀም። ሁለቱም ግን ያንኑ ቦታ፣ ያንኑ አኳኋን መረጡ። ናርጋ ሄጄ ያንን ሥዕል ባየሁ ጊዜ የሁለቱን ሕዝቦች ልመና አንድነት በዓይኔ ያየሁ ያህል ተሰማኝ፣ ዛሬም ይሰማኛል።

ከ1859 እስከ 1897፦ ማስያስ በከፋ

የካቶሊክ ትምህርት ወደ ደቡብ ምዕራብ የገባው በበቅሎና በእግር ነው። ጉልየልሞ ማሳያ፣ በእኛ አጠራር አቡነ ማስያስ፣ ካፑቺን መነኩሴ ነበሩ። በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ ተልእኮ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ፤ መንገዱ በየአቅጣጫው ስለተዘጋባቸው ወደ ተመደቡበት አገር ለመድረስ እስከ 1852 ፈጀባቸው። ወደ ከፋ አስቀድመው ካህን ልከው ራሳቸው በ1859 ገቡ፣ በ1861 ተባረሩ። ከዚያ በኋላ በሸዋ በምኒልክ ዘንድ ዓመታት ቆዩ። በ1879 በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ለመጨረሻ ጊዜ ከአገር ወጡ፣ በ1884 ካርዲናል ሆኑ፣ በ1889 አረፉ። የሠላሳ አምስት ዓመት ትዝታቸውን በ12 ቅጽ ጽፈዋል። ሕዝቡ ያስታወሳቸው ግን ይበልጡን በፈንጣጣ ክትባታቸው ነው፤ «አባ ፈንጣጣ» ብሎ ስም አወጣላቸው።

የማስያስ ቤተ ክርስቲያን በከፋ ደን ውስጥ የሣር ክዳን ያለው ጎጆ ነበር። ከጠረፍ እስከ ከፋ ወራት የሚፈጅ ጉዞ፣ ወንዝ፣ ኬላና ሽፍታ ባለበት መንገድ አንዲት ጠፍጣፋ መስታወት ሳትሰበር ማድረስ የማይታሰብ ነገር ነው። ደግሞም ሁለት ዓመት ሳይሞላ የሚባረር ሰው መስኮት አይተክልም። መታሰቢያቸው በሌላ መንገድ ቀረ፤ እሳቸው ከሄዱ በኋላም ትምህርቱን የያዙ የከፋ ቤተሰቦችና የአገሩ ተወላጅ ካህናት ጸሎቱን ቀጠሉ። የእነዚህ ካህናት ድካም ከጳጳሱ ድካም አያንስም፤ 12 ቅጽ የጻፈላቸው ግን የለም።

በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከፋን ድል አድርጎ የመጨረሻውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ማረከ። ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን ለደቡብ ምዕራብ ከጦርነቱ የከፋ ነበር። ዛሬ ቤንች፣ ሸኮና ማጂ በምንላቸው አገሮች መንደር እየተከበበ ሰው ተጋዘ፤ ልጅ ከእናቱ፣ ሚስት ከባሏ ተለይታ በሰንሰለት ወደ ሰሜን ሄደች። ሙሉ ቀበሌ ጠፍ የሆነበት ጊዜ ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባርነት ጉዳይ ዋናው ክርክር ሆኖ ቀረበባት፣ በቀጣዩ ዓመት ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር አዋጅ ወጣ፣ ፈጽሞ የሚሽረው አዋጅ ግን እስከ 1942 ቆየ። የተጋዙት ሰዎች መቃብር የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ይህን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ አፍሪካ አዳራሹ መስኮት ስንመለስ ያስፈልገናል።

ከ1913 እስከ 1941፦ በነጋዴ ልብስ የመጡት

በቱሪን ከተማ የኮንሶላታ ቅድስት ማርያም ቤተ መቅደስ አስተዳዳሪ የነበሩት ካህን ጁሴፔ አላማኖ በ1901 የኮንሶላታ ሚሲዮናውያንን ማኅበር አቋቋሙ። ዓላማቸው የማስያስን ሥራ ካቆመበት መቀጠል ነበር፤ የኢትዮጵያ በር ስለተዘጋ ሚሲዮናውያኑ መጀመሪያ ወደ ኬንያ ሄዱ። በ1913 ሮም የከፋን ሐዋርያዊ አስተዳደር አቆመች፣ ኃላፊነቱም ለአባ ጋውዴንሲዮ ባርላሲና ተሰጠ። ባርላሲና እንደ ካህን መግባት እንደማይችሉ ሲያውቁ በ1916 ነጋዴ መስለው ገቡ። ተከታዮቻቸውም እንዲሁ በነጋዴ ስም እየገቡ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተበተኑ። ቡና የሚገዛና የሚሸጥ የውጭ ሰው በዚያ አገር እንግዳ ነገር አልነበረም።

ሕንፃ ቀስ ብሎ ተከተለ። በ1936 የፋሺስት ጦር አገሪቱን ሲይዝ ጣሊያናውያኑ ሚሲዮናውያን በአንድ ሌሊት ከተደበቀ ነጋዴነት ወደ ገዢው ወገን ዜግነት ተሻገሩ፤ ይህ የማይካድና ለካቶሊካዊትዋ ቤተ ክርስቲያን በኢትዮጵያውያን ዘንድ ረጅም ጥላ የጣለ ጉዳይ ነው። በ1941 ጣሊያን ሲሸነፍ እነሱም ወጡ። መታሰቢያ ለመሥራት ጊዜ ያገኙበት ዘመን እንደገና ተቋረጠ። የደቡብ ምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሁለት ጊዜ እንዲህ ተቆርጧል፤ ባለቀለም መስታወት ደግሞ በአንድ ቦታ ረግቶ የሚኖር ማኅበረሰብ ሥራ ነው።

ከነፃነት በኋላ፦ ሥላሴ

በአዲስ አበባ የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከወረራው በፊት ተጀምሮ ከነፃነት በኋላ ተጠናቀቀ። አሠራሩ ከክቡ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ የአውሮፓን ካቴድራል ተከተለ፤ ረጅም አዳራሽ፣ ከፍ ያለ ግድግዳ፣ በግድግዳውም የብሉይና የሐዲስ ኪዳን ታሪክ የተሣለባቸው ባለቀለም መስኮቶች። የኦርቶዶክስ ምእመን በባለቀለም ብርሃን ውስጥ ቆሞ ማስቀደስ የለመደው እንዲህ ባለ ቤት ነው።

ልብ ያልኩት አንድ ነገር አለ። ሥላሴ የአርበኞች መታሰቢያ ነው፤ ግቢው በመቃብራቸው የተሞላ ነው፣ ለኢትዮጵያ የተሟገተችው ሲልቪያ ፓንክረስት በ1960 የተቀበረችው እዚያ ነው፣ በ1974 የተገደሉት ባለሥልጣናት አፅምም ኋላ እዚያው አርፏል። ይሁን እንጂ ሰዎቹ የሚታሰቡት በደጅ በድንጋይ ላይ ነው፣ መስታወቱ ለቅዱሳት መጻሕፍት ብቻ ተተወ። የአውሮፓ መስኮት የሰፈር ልጅን ስም ሲሸከም የእኛው ገና አልደፈረም ነበር።

ከ1947 እስከ 1961፦ አፈወርቅ ተክሌ

አፈወርቅ በ1932 በአንኮበር ተወለደ። በ1947 የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ተላከ፤ የሥዕል ተሰጥኦው ግን ሳይቆይ ታወቀለትና በለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፣ ከዚያም በታዋቂው ስሌድ ተማረ። በደረሰበት ዘመን በቦምብ የተመቱ የእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት መስኮቶቻቸውን እንደገና ያሠሩ ነበር። በ1954 አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሥዕሎቹን ካሳየ በኋላ ዳግም ወደ አውሮፓ ሄዶ በጣሊያን፣ በፈረንሳይ፣ በስፔን፣ በፖርቱጋልና በግሪክ ዞረ። በዚያ ጉዞ ሁለት ነገር ጎን ለጎን አጠና፤ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎች፣ እንዲሁም የባለቀለም መስታወት ንድፍና አሠራር። ይህ ጥምረት ለታሪካችን መታጠፊያ ነው። የብራናው ሠዓሊ ፊትን በጥቁር መሥመር ይከብባል፣ ቀለሙን ሳያደባልቅ በመሥመሩ ውስጥ ያፈሰዋል። የመስታወት ሠሪም በእርሳስ ዘንግ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለአንኮበሩ ልጅ መስታወቱ እንግዳ ቋንቋ አልሆነበትም።

የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነ። የኢትዮጵያ መንግሥት አዳራሹን ለመሥራት ቃል ገባ፣ ንድፉን ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ አወጣ። ጊዜው የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ከግማሽ በላይ ከቡና የሚመጣበት ነበር፤ ከከፋ ደን የተለቀመ ቡና የመንግሥቱን ካዝና ይሞላ ነበር ማለት ነው። አዳራሹ በየካቲት 1961 ተመረቀ። ወደ መግቢያው የገባ ሰው ፊት ለፊት 150 ካሬ ሜትር የሚሆን የአፈወርቅ መስታወት ገጠመው።

ሥራው ሦስት ክፍል አለው፣ በቀይ፣ በአረንጓዴና በቢጫ። በቀዩ መስኮት ያለፈችው አፍሪካ አለች፤ አህጉሪቱ በሰንሰለት ትጎተታለች፣ ልጅ ከወላጆቹ ተለይቶ ይታያል። በአረንጓዴው ዘንዶው እየተወጋ ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን በየቤቱ ግድግዳ ለሚያይ ኢትዮጵያዊ ይህ ሥዕል ማብራሪያ አያሻውም። በመካከለኛው ቢጫ መስኮት አንድ አፍሪካዊ ቤተሰብ ችቦ ይዞ ወደ ፊት ይራመዳል፣ የልዩ ልዩ አገር ልብስ የለበሱ ሰዎች ይከተሉታል፣ የተባበሩት መንግሥታት ዓርማ ያለበት ጥሩር የለበሰ ዘበኛም ቆሟል።

በዓለማዊ አዳራሽ የቆመ ነው፤ ቢሆንም እኔ የመታሰቢያ መስኮት ብዬ እቆጥረዋለሁ። ሱዤር ለነፍሱ፣ የአውሮፓ ሰፈሮች ለወደቁ ልጆቻቸው መስኮት አቆሙ። አፈወርቅ ስማቸው ላልተጻፈ፣ መቃብራቸው ላልታወቀ ሚሊዮኖች አቆመ። ቀዩን መስኮት በቀረብኩት ቁጥር ከአትላንቲክ ማዶ የተጋዙት ብቻ አይታዩኝም፤ ከማጂና ከቤንች ኮረብታ በሰንሰለት የወረዱትም ይታዩኛል። ከራሳችን አገር ለተጋዙት ሰዎች፣ በራሳችን ሰው እጅ ለተጋዙት፣ ከዚያ መስኮት ሌላ ትልቅ መታሰቢያ በኢትዮጵያ ምድር አላውቅም። በግንቦት 1963 የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር የፈረሙት በዚያው ሕንፃ ነው።

አፈወርቅ ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ሠርቷል፤ በአዲግራት ካቴድራል የመጨረሻውን ፍርድ ሥሏል። እሱ ግን ቅብ እንጂ መስታወት አልነበረም። በ2012 ሲያርፍ ሥርዓተ ቀብሩ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ።

ጥቅምት 2024፦ ሁለት ቀናት

ባለቀለም መስታወት ለዘላለም አይኖርም። እርሳሱ በሙቀትና በቅዝቃዜ ይደክማል፣ ማጣበቂያው ይደርቃል፣ አቧራና ዝናብ ገጹን ያደበዝዘዋል፣ ክፈፉ ትንሽ ሲላላ ቁራጩ ይሰነጠቃል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ በጀት ፈቅዶ የአፍሪካ አዳራሽ እድሳት ተጀመረ። ከፈረንሳይ የመጡ የመስታወት ባለሙያዎች የአፈወርቅን ሥራ አጠቡ፣ የተሰበረውን ተኩ፣ ወደ ቦታውም መለሱት።

ጥቅምት 20 ቀን 2024 በሮም ጳጳስ ፍራንቸስኮስ ጁሴፔ አላማኖን ቅዱስ ብለው ሰየሙ። በማግስቱ ጥቅምት 21 በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ እንደገና ተከፈተ። አንዱ በዓል የሌላውን አላሰበም፣ ግን ከከፋ ምድር ጋር የተያያዙ ሁለት ትዝታዎች በሁለት ተከታታይ ቀናት ብርሃን አዩ።

በደቡብ ምዕራብም ቤተ ክርስቲያኒቱ ሥር ሰድዳለች። የጅማ-ቦንጋ ሐዋርያዊ አስተዳደር በ1994 ቆመ፣ በ2009 ወደ ሐዋርያዊ ቪካሪያት ከፍ አለ፤ የሚዛንና የቴፒ ካቶሊካውያን የሚተዳደሩት በእርሱ ነው። ከቱሪን የመጣ ሰው ነጋዴ መምሰል ያለበት ዘመን አልፏል፣ ካህናቱም አብዛኞቹ የአገሩ ልጆች ናቸው። ረግቶ የሚኖር ማኅበረሰብ አለ፣ መንገዱም አስፋልት ሆኗል። አሁን በሚዛን ተፈሪ አንድ የመታሰቢያ መስኮት ይሠራ ቢባል ከልካዩ የማስያስ ዘመን መንገድ አይደለም።

አሠራሩ ግን የአገሩን አየር ማክበር አለበት። ሚዛን ዓመቱን አብዛኛውን የሚዘንብባት ከተማ ናት። ብርሃኗ በደመናና በደን የተጣራ ነው፤ በጠለቀ ሰማያዊና በወፍራም ቀይ የተሞላ መስኮት እዚያ ጨልሞ ይቀራል። ነጣ ያሉ መስታወቶች፣ ቢጫና ቀላል አረንጓዴ፣ በመካከላቸው ጥቂት ቀይ ይበጁታል። ከውጭ ዝናቡን የሚቀበል ሁለተኛ ተራ መስታወት ያስፈልገዋል፣ በሁለቱ መካከልም አየር የሚወጣበት ክፍተት፤ አለበለዚያ እርጥበቱ እዚያው ይታመቅና ጥቁሩን ቅብ ያልጠዋል። ግርጌው ላይ የሚደፋው ማን ይሁን? እኔን ቢጠይቁኝ አቡነ ማስያስን አላስቀድምም። ጎጆ ውስጥ ጸሎቱን ያላቋረጡትን የከፋ ካህናትና በሰንሰለት የሄዱትን የቤንችና የማጂ ሰዎች አስቀድማለሁ። ለዚህ ደግሞ ከመስታወቱ በፊት ስም ያስፈልጋል። የጥምቀት መዝገቦቹ መነበብ አለባቸው፣ በየመንደሩ የጠፉ ዘመዶችን ስም የሚያውቁ አረጋውያን ደግሞ በሕይወት ሳሉ ተጠይቀው ቃላቸው መጻፍ አለበት።